አስር ሲላላ፣ አሥር ሲጠብቅ

የመጽሐፍ አርታኢ ማለት ሌላ ሰው የጻፈውን ለማበላሸት ደመወዝ የሚበላ ሰው ነው። ይህን የምለው ተናድጄ ነው። የምጽፈውም ንዴቴ ከማን ተነሥቶ ማን ላይ እንዳረፈ ለመናገር ነው፤ ስድብ የማይወድ ሰው ከዚሁ ይመለስ።

ሥራዬ ለወጣቶች የምርመራ ልቦለድ መጻፍ ነው። እንጀራዬ ግን ማስተማር ነው፤ ደሴ እያደርኩ ኮምቦልቻ አማርኛ አስተምራለሁ። ጠዋት በሹራብና በጃኬት ተጠቅልዬ ሚኒባስ እገባለሁ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ቆላው ሲቀበለን አንድ በአንድ አወልቃለሁ። አምስቱንም መጽሐፌን የጻፍኩት እዚህ መንገድ ላይ፣ ጉልበቴ ላይ ባስቀመጥኩት ደብተር ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አንገቱን አስግጎ ያነባል። አንዱ እንዲያውም «ሌባው ሹፌሩ ነው አይደል?» ብሎኝ፣ ልክ ስለነበረ ያን ምዕራፍ ቀድጄ እንደገና ጽፌዋለሁ። ያንን ሰው ዛሬም አልወደውም።

«መቼ ነው ቁም ነገር የምትጽፊው?» ይሉኛል መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ። ቁም ነገር የሚሉት ባልና ሚስት የሚፋቱበትን ነው። የልጆች መጽሐፍ ቁም ነገር አይደለም፤ ልጅ ሌባ የምታሳድድበት ከሆነማ ጭራሽ ቀልድ ነው። እኔ ግን አሥራ አራት ዓመት የሞላት አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ፈጠርኩ፤ ደብተር አስያዝኳት፤ አዋቂ ነኝ ባዩን ሁሉ ስታፋጥጥ እንድትውል አደረግኳት። ልጆቹ ወደዷት። ሴት ተማሪዎቼ እንደሷ ደብተር ይዘው ርዕሰ መምህሩ ስንት ሰዓት ገብተው ስንት ሰዓት እንደሚወጡ መመዝገብ ጀመሩ። በዚህ የተነሣ ቢሮ ተጠርቼ ተገሥጫለሁ። ሽልማት አግኝቼ ስለማላውቅ ያን ተግሣጽ እንደ ሽልማት ቆጥሬዋለሁ።

ልጆቹ ከመርማሪዋ እኩል የሚወዱት ሌላም ሰው አለ። በአምስቱም መጽሐፍ ውስጥ አንድ ደንቆሮ ጸሐፊ ይገባል። አንዴ የፖሊስ ጣቢያ፣ አንዴ የቀበሌ፣ አንዴ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኖ ይመጣል። እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ይሰካል፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ሰው የነገረውን ሁሉ አጣሞ ይጽፋል፣ በሱ ጥፋት ንጹሕ ሰው ይከሰሳል። ብቅ ባለ ቁጥር ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ። እኔ አንድም ቀን ስቄበት አላውቅም። ያ ሰው የእውነት ሰው ነው፤ እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣል። የአባቴን ስም ያጠፋው እሱ ነው እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ጨርቅ መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣቃ ጭኖ ወደ ደሴ የወጣ መኪና ሲራገፍ ስምንት ጣቃ ጎደለ። ደሴ የደረሰበት ሰዓት ስለሚታወቅ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ መኪናው ከግቢው የወጣው ስንት ሰዓት ላይ ነው? አሥር ሰዓት ላይ ከወጣ ሹፌሩ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያራግፍበት ጊዜ አልነበረውም። ቀደም ብሎ ከወጣ ግን ግማሽ ሰዓት የት እንዳጠፋ መናገር አለበት። አባቴ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ተጠየቁ። ጸሐፊው «በ10 ሰዓት ወጣ» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ አንድ የትራፊክ ፖሊስ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መኪናውን ሐረጎ ላይ እንዳየው ተናገረ። አባቴ ሌባ ለመሸፈን የዋሸ ዘበኛ ተብለው ተባረሩ። ሹፌሩማ ወዲያው ነው የተሰወረው።

እኛ ቤት የነገሩ ፍቺ ሌላ ነበር። እናቴ ለጎረቤቱም፣ ለዘመዱም፣ ለኔም የምትለው ይህን ነበር፤ «እሱ ያለው አስር ላይ ነው። ሰላቱን። ያ ደንቆሮ ቁጥር መሰለው።» ወሎ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም። ከቀትር በኋላ ያለው ሰላት አስር ይባላል፤ አዛኑ የሚሰማው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲቀጣጠር «አስር ላይ»፣ «መግሪብ ላይ» ይባባላል። በአፍ ሲነገሩ ሁለቱ ይለያሉ፤ የሰላቱ «ስ» ይላላል፣ የቁጥሩ ይጠብቃል። ሲጻፉ ግን ፊደላችን መላላትንና መጥበቅን አያሳይም። መዝገበ ቃላቱ ቁጥሩን በንጉሡ «ሠ» ጻፉ ይላል እርግጥ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ለንጉሡ «ሠ» የሚጨነቅ ሰው ቢኖር ግን እኔ ብቻ ነኝ።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ቋሚ ሥራ አላገኙም። ሰርግ ሲጠሩ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሰው ሰዓት ከጠየቃቸው እንኳ ሰዓት የለኝም ይሉ ነበር፣ እጃቸው ላይ አስረውት። እኔም ገና ጡቴ ሳያጎጠጉጥ ያን ጸሐፊ መጥላት ሥራዬ አደረግኩት። ሌላው ልጅ ዶክተር እሆናለሁ ይላል፤ እኔ ያን ሰውዬ አሳየዋለሁ እል ነበር።

የመጀመሪያው መጽሐፌ ሲወጣ አንድ ቅጂ ይዤ ሱቁ ሄድኩ። «የሰማውን መጻፍ ለማይችል ጸሐፊ» ብዬ ፈረምኩበትና ባንኮኒው ላይ ወረወርኩለት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲያውቅ ፊቱ ቅጭም አለ።

«ልጄ፣ አባትሽ ያሉኝን ነው የጻፍኩት» አለኝ።

«ልጄ አትበለኝ። የምትሰማበት ጆሮ ቢኖርህ ኖሮ እዚህ ቁጭ ብለህ እርሳስ አትቀርጽም ነበር» አልኩት። የአባቴ እኩያ ነው፤ አንተ አልኩት። አንቱታ ለሱ አይገባውም ብዬ ነው።

ከሦስተኛው መጽሐፍ በኋላ ደግሞ የደሴ ልጆች አወቁት። እስክሪብቶው ጆሮው ላይ፣ መነጽሩ በክር፤ ሌላ ማን ሊሆን ነው? በሱቁ ደጅ ሲያልፉ «ደንቆሮው» እያሉ ጮኸው ይሮጡ ጀመር። አንድ ባልደረባዬ ይህን ሲነግረኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ክፉ ነሽ በሉኝ፣ ግን ያን ቀን በደስታ ምሳ ጋብዤዋለሁ።

አምስተኛው መጽሐፍ የአባቴ ነው። እናቴ አልፋለች፤ አባቴ ደሴ ከኔ ጋር ናቸው፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። እሳቸው ሳይሞቱ እውነቱ ታትሞ ሰው እንዲያነበው ፈለግኩ። ከዚህ በፊት ባሉት መጻሕፍት በጸሐፊው ብቻ ነበር የማላግጠው፤ በዚህኛው ራሱን የ«አስር»ን ነገር አስገባሁ። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ «አስር ላይ ወጣ» ይላሉ። ሁሉም ሰው ቁጥር አድርጎ ያነበዋል፣ አንባቢውም ጭምር። በመጨረሻው ምዕራፍ መርማሪዬ ቃሉን ላላ አድርጋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነበው ነገሩ ይፈታል። እንዳይነቃብኝ ሁለቱንም በእሳቱ «ሰ» ጻፍኳቸው። ዓመት ተኩል ለፋሁባት፤ ከዚያ የተሻለ ምስጢር አስቤ አላውቅም።

አርታኢው አዲስ አበባ ያለ፣ ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ «አንቺ» ያለኝ ወጣት ነው። የአሳታሚ ድርጅቱ ደንብ ሰዓት በአሃዝ ይጻፍ ይላል አሉ። ስለዚህ እሱ ሆዬ ኮምፒውተሩን «አስር የሚለውን ሁሉ ፈልገህ 10 አድርግልኝ» ብሎ አዘዘው። በቃ። ሽማግሌው «10 ላይ ወጣ» አሉ። መርማሪዬም በመጨረሻው ምዕራፍ ተነሥታ «እሳቸው ያሉት 10 ሰዓት ሳይሆን 10 ሰላት ነው» ስትል አዋቂውን ሁሉ አፋጠጠች። «ሌባው ሰው አስርጎ አስገባ» ብዬ የጻፍኩት እንኳ «ሌባው ሰው 10ጎ አስገባ» ሆኖ ታተመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸ ነው።

ይህን ሁሉ ያየሁት የት ነው? ኮምቦልቻ፣ አንድ ትምህርት ቤት የንባብ ክበብ ጠርቶኝ፣ ስድሳ ልጆች ፊት ቆሜ። ካርቶኑ የተከፈተው እዚያው ነበር፤ ልጆቹ ከኔ ቀድመው አነበቡት። አንዲት ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ልጅ እጅዋን አወጣች።

«መምህር፣ እኛ አምስቱን ሰላት አልቻልነውም፤ ይቺ ልጅ አሥሩን ከየት አመጣችው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሌላዋ ደግሞ «10ጎ ምን ማለት ነው?» አለች። መጽሐፉን ተቀብዬ ገጹን አየሁት፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጆቹ የሳቁት እኔ ላይ ነው፤ እኔ ግን ያየሁት አባቴን ነው። አንድ ሰው በአንድ ቃል ሁለቴ ይገደላል እንዴ?

ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ለአርታኢው ደወልኩለት።

«አስርን ምን አደረግከው?»

«የቱን አሥር?» አለኝ፣ አጥብቆ።

«መጽሐፉን አላነበብከውም ማለት ነው።»

«እንዴ፣ አንብቤዋለሁ። በጣም አሪፍ ነው።»

«እንግዲያው 10 ሰላት ሲል ምን መስሎህ አለፍከው?»

«የእምነት ነገር ስለሆነ መንካት አልፈለግኩም» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ጉም ውስጥ ገብተን ኔትወርኩ ባይቋረጥ ኖሮ የባሰ እል ነበር። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አብሽሪ ልጄ፣ ባል እንደሆነ ተመልሶ ይመጣል» አሉኝ። ባል ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ተጨቃጨቅን። እኔ ስደውል እሱ ስብሰባ ላይ ነው፤ እሱ ሲደውል እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ። በመጨረሻ ታርሞ እንደገና ይታተማል አሉ። እርቅ መሆኑ ነው መሰለኝ አርታኢው ራሱ አንድ ሐሳብ አመጣ። «እውነተኛ ታሪክ ነው ካልሽ ለምን መቅድም አትጽፊበትም? ሰው እውነተኛ ታሪክ ይወዳል።» በሕይወቱ የተናገረው የመጀመሪያ ቁም ነገር መሰለኝ።

መቅድሙን በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። አባቴ እንዴት እንደተባረሩ፣ «አስር» እንዴት «10» እንደሆነ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ። ስሙን አልጠራሁም፤ ግን «ዛሬ ፒያሳ ደብተር ይሸጣል፤ ልጆች እንኳ በደጁ ሲያልፉ ደንቆሮው እያሉ ይጠሩታል» ብዬ ጻፍኩ። ይህን አንብቦ የማያውቀው ደሴ ውስጥ የለም። ከመላኬ በፊት ለአባቴ ላነብላቸው ፈለግኩ። ልቦለዶቼን ቂሳ ነው፣ ተረት ነው እያሉ ሰምተው አያውቁም፤ ይኼ ግን ቂሳ አይደለም፣ የራሳቸው ነገር ነው።

ዓርብ ነበር፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ። ፀሐይ ወጥታ ስለነበር በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። አጠገባቸው በርጩማ ስቤ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ይመርቁኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ይኸን አትላኪው» አሉኝ።

«ለምን አባዬ?»

«ውሸት ነው።»

የጣቃው ብዛት የተሳሳተ መስሎኝ «ስንት ነበር ታዲያ?» አልኳቸው።

«ብዛቱን አላልኩም። አሥር ሰዓት ነው ያልኩት እኔ። ሰውዬው ሁለቴ አስደገመኝ። ሁለቴም አጥብቄ ነው ያልኩት።»

እሳቸው ቀጠሉ። ሹፌሩ የአገራቸው የኩታበር ልጅ ነው፤ አብረው ነው ያደጉት። «አሥር ሰዓት ወጣ በልልኝ፣ ሌላ አላስቸግርህም» አላቸው፤ አሉለት። በሳምንቱ አንድ ጣቃ እቤት ላከ፤ እናቴ ሸጠችው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሙስበሃውን ሳያቆሙ ነው።

«አስር ሰላቱን ማን አመጣው ታዲያ?» አልኳቸው።

«እናትሽ ናታ። ሰው ፊት አንገት ደፍቶ መሄድ መረራት፤ አንድ ቀን ውኃ ልትቀዳ ሄዳ አስባው መጣች። ወላሂ ሸጋ አድርጋ ነው ያሰበችው። እየቆየ ለራሴም እውነት ይመስለኝ ጀመር።»

በቤታችን ምስጢር የምፈጥረው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዓመት ተኩል የለፋሁባት፣ በሌላ ፊደል አይጻፍም ብዬ የኮራሁባት ዘዴ እናቴ እንስራ ተሸክማ በአንድ ጠዋት ያሰበቻት ነበረች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኛ ግን እያደር አምስት መጽሐፍ ሆነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን ያላወቅኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ማዘን ነበረብኝ፤ ያደረግኩት ግን መቆጣት ነው። «ያን ሰው ስሰድበው ይኼን ሁሉ ዓመት ቁጭ ብለው ሰሙኝ?» አልኳቸው፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

«ብናገር እናትሽን አዋርዳለሁ» አሉ። ቀጥለው በማያየው ዓይናቸው ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ ብትሆኚ፣ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አልጠየቅኳቸውም። በአምስት መጽሐፍ ምስክር ስታፋጥጥ የምትውል ልጅ ፈጥሬ፣ በገዛ በረንዳዬ የተቀመጠውን ምስክር አንዲት ቀን አልጠየቅኩም። ያወቅኩትን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሷ ደግሞ ኮሚቴው ፊት አልነበረችም።

«ልጆች ይሰድቡታል የሚለውን አሁን ካንቺ ወረቀት ነው የሰማሁት» አሉ። «የሰው ሐቅ አንገቴ ላይ ይዤ ልሞት ነው። እኔ ሄጄ አልደርስም። ሂጂና አውፍ በሉን፣ ይቅር በሉን በያቸው፤ ለኔም፣ ላንቺም።»

ሦስት ቀን አላናገርኳቸውም። ምግባቸውን አስቀምጬ እወጣለሁ። የምጠላው ሰው ጠፍቶብኝ ነበር፤ ከእሳቸው በቀር ቅርብ ሰው አልነበረም። በአራተኛው ቀን ለአርታኢው ደወልኩ።

«መቅድሙ ይቅር።»

«ለምን? በጣም ኃይለኛ ነበር እኮ።»

«ስህተት አለበት።»

«አሃ» አለ። እንዲህ ያለ የጣፈጠ «አሃ» ሰምቼ አላውቅም። «ውስጡስ? 10 ይሁን አስር?»

«አስር። እሱ ልቦለድ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ሄድኩ። ከታክሲ ወርጄ በሱቁ ደጅ ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ። ስገባ ሰውዬው ለአንዲት ሴት ደብተር እየቆጠሩ ነበር፤ እስክትወጣ ጠበቅኩ። ሲያዩኝ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሌላ መጽሐፍ ልወረውር የመጣሁ መስሏቸው ይሆናል።

«እንደምን አሉ» አልኳቸው። ያልለመድኩት አንቱታ አፌ ላይ ተንገዳገደ። አባቴ የነገሩኝን ሳልቆርጥ ነገርኳቸው። «አውፍ ይበሉኝ ብለዋል» አልኩ።

«አስርን ከአሥር የማልለይ መስሎሽ ነበር?» አሉኝ። «ያን ቀን አስርን ሰግጄ ነው ኮሚቴው ውስጥ የገባሁት። ሁለቴ ያስደገምኳቸው እንዲያስቡበት ነው። አሥር አሉ፤ ጻፍኩ። እሳቸውን ያኔውኑ አውፍ ብያቸዋለሁ፤ ሰው ለወንዙ ልጅ ይዋሻል።»

«እኔንስ?»

ጎንበስ ብለው ከባንኮኒው ሥር መጻሕፍቴን አወጡ። አምስቱንም ነው። እሳቸው ያሉባቸው ገጾች ሁሉ ጫፋቸው ታጥፏል። የመጨረሻውን ከፍተው «10ጎ» የሚለውን በጣታቸው አሳዩኝ፤ አልሳቁም።

«የልጅ ልጄ እዚህ ትምህርት ቤት ትማራለች» አሉ። «የደንቆሮው ልጅ ነው የሚሏት። አንቺ የሰደብሽኝ በአፍሽ ቢሆን ኖሮ በአፍ ይበቃን ነበር። በአፍ የተባለው ነገር እንዴት እንደሚሆን ደግሞ ሁለታችንም አይተናል። ጻፊው። ሳነበው አውፍ እልሻለሁ።»

እንግዲህ ይኸው ጻፍኩልዎ፤ ልብ ብለው ያንብቡት። አባቴ ኮሚቴው ፊት ያሉት አሥር ሰዓት ነው፤ አጥብቀው ነው ያሉት። እርስዎ የሰሙትን ጽፈዋል። ሳልሰማ የጻፍኩት እኔ ነኝ።